የኋላ ማርሽ ቀያሪን ወደ ሰንሰለት መወጠሪያ የመለወጥ አሠራር፦ ባለ ብዙ ማርሽ ብስክሌትን በአንድ ማርሽ ለሚነዱ

ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዳር ወዳለችው የጥገና ቦታዬ ብስክሌት እየገፉ የሚመጡ ሰዎች በየጊዜው አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። መሪው ላይ ያለው የማርሽ መለወጫ ተሰብሯል፣ ገመዱ ዝጎ ከሽፋኑ ጋር ተጣብቋል፣ ሰንሰለቱም ሳያዙት ከማርሽ ማርሽ ይዘላል፤ ታዲያ ይህን ሁሉ ትቶ ብስክሌቱ በአንድ ማርሽ ብቻ እንዲሄድ ማድረግ አይቻልም ወይ? ይቻላል። ዋናው ዕቃ ብስክሌቱ ላይ አስቀድሞ ስላለ፣ ጥቂት መፍቻዎችና የግማሽ ቀን ጊዜ ያለው ሰው በራሱ እጅ ሊሠራው ይችላል። ለእያንዳንዱ ጠያቂ በቃል ከማስረዳት ይልቅ አሠራሩን ከነምክንያቱ ጽፌ ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ።

የኋላ ማርሽ ቀያሪ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ሰንሰለቱን ወደ ጎን እየገፋ ከአንዱ ማርሽ ወደ ሌላው ማሻገር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የተረፈውን ሰንሰለት በሞላው (በስፕሪንጉ) ኃይል ወደ ኋላ እየሳበ እንዳይላላ ማድረግ ነው። እኛ የመጀመሪያውን ሥራ እናስቆምና ሁለተኛውን ብቻ እናስቀርለታለን። ስለዚህ ከታች የሚያነቡት ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመለሳል፤ የፊቱ ማርሽ፣ የኋላው ማርሽና የቀያሪው የላይኛው መዘውር በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ መዋል አለባቸው፣ ከዋሉም በኋላ ከዚያ መስመር መነቃነቅ የለባቸውም።

በቃላቱ እንግባባ። «የፊት ማርሽ» የምለው ከፔዳሉ ብረት ጋር የሚዞረውን ትልቁን ጥርሳም ክብ ነው፤ «የኋላ ማርሽ» ደግሞ በኋላው ጎማ ላይ ከተደረደሩት ጥርሳም ክቦች አንዱ ነው። በቀያሪው ላይ ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ክቦች የላይኛው መዘውርና የታችኛው መዘውር፣ ሁለቱን የያዘውን ቆርቆሮ ደግሞ ክንድ እለዋለሁ። «ወደ ውስጥ» ማለት ወደ ጎማው ሽቦዎች፣ «ወደ ውጭ» ማለት ከሽቦዎቹ ርቆ ማለት ነው። ብስክሌቱን ገልብጠው የሚሠሩ ከሆነ «ላይ» እና «ታች» ስል በሁለት ጎማው ቆሞ እንዳለ አድርገው ያንብቡልኝ።

በመጀመሪያ መወጠሪያ የሚያስፈልግዎት መሆኑን ይለዩ

የኋላው ጎማ አክስል የሚገባበትን የፍሬሙን ስንጥቅ ይመልከቱ። ስንጥቁ አግድም ረዘም ያለ ከሆነ ጎማውን ወደ ኋላ ስበው ሰንሰለቱን መወጠር ስለሚችሉ ማርሽ ቀያሪውን ከነጭራሹ አውጥተው ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ይህ መመሪያ አይመለከትዎትም። ስንጥቁ ቁልቁል የሆነ እንደሆነ ግን ጎማው የሚቀመጠው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ሰንሰለት ደግሞ እንደ ገመድ በፈለጉት ልክ አይቆረጥም፤ የሚያጥረው አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ ቀለበት አብረው ሲወጡ፣ ማለትም በ25.4 ሚሊ ሜትር እርከን ነው። በመሆኑም አንዱን ቢያወጡ በጣም ይጠብቃል፣ ቢተዉት ይላላል። ይህን ትርፍ የሚውጠው መወጠሪያው ነው።

ብርቱ ማስጠንቀቂያ

ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት ፍሬን በሚይዝ ብስክሌት ላይ ይህን ሥራ ፈጽሞ አይሥሩ። ጎማው ሲዞር ፔዳሉም የግድ አብሮ በሚዞርበት ብስክሌት ላይም እንዲሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወደ ፊት ሲረግጡ ኃይሉን የሚሸከመው የላይኛው የሰንሰለት መስመር ሲሆን፣ መወጠሪያው የተቀመጠው ምንም ሸክም በሌለበት በታችኛው መስመር ላይ ነው። ወደ ኋላ ሲረግጡ ግን ሸክሙ በሙሉ ወደ ታችኛው መስመር ይዞራል፤ ክንዱ ወደ ፊት ይሳባል፣ ፍሬኑ በሚፈለግበት ቅጽበት አይይዝም፣ ቀያሪውም ተሰብሮ ወደ ሽቦዎቹ ሊገባ ይችላል። ብስክሌትዎ በእጅ የሚያዙ የፊትና የኋላ ፍሬኖች ሊኖሩት፣ ሁለቱም በደንብ የሚይዙ ሊሆኑ ይገባል። ካልያዙ መጀመሪያ እነሱን ያስተካክሉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• የኋላ ማርሽ ቀያሪው ራሱ። ርካሹ የሺማኖ ቱርኒ ዓይነት በቂ ነው፤ ሞላው ይሥራ እንጂ መልኩ አያሳስብዎት። ክንዱን በእጅዎ ወደ ፊት ስበው ሲለቁት በፍጥነት ወደ ኋላ መመለስ አለበት።
• ባለ 3፣ ባለ 5 እና ባለ 6 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፎች። በአሮጌ ቀያሪዎች ላይ ገመዱን የሚይዘው ብሎን በተራ መፍቻ ሊፈታ ይችላል።
• ትንሽ የመስቀል ካቻቢቴ።
• የሰንሰለት ፒን ማውጫ። በምስማርና በመዶሻ ለማውጣት አይሞክሩ፤ ጠፍጣፋው ቀለበት ይጣመማል፣ የተጣመመው ቀለበትም በኋላ መንገድ ላይ ይለያያል።
• ገመድ የሚቆርጥ ስለታም ፒንሳ።
• ጫፉ ላይ የብረት ራስ ያለው የማርሽ ገመድ ቁራጭ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል። ከሚያወጡት አሮጌ ገመድ ሊገኝ ይችላል።
• የብረት ሜትር፣ እንዲሁም አንድ ሜትር ያህል የሚረዝም ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ወይም የእንጨት ዘንግ።
• ላምባ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ ግሪስና ቀጭን ዘይት።
• የብሎን ማጣበቂያ። እሱ ከሌለ የጥፍር ቀለም ያገለግላል።

የኋላ ማርሾቹ ካሴት (በጎማው በርሜል ላይ ተሰክተው ጫፉ ላይ በማሰሪያ የሚጠብቁ ዓይነት) ከሆኑና እነሱንም መቀነስ ከፈለጉ የካሴት መፍቻና ማርሹን ይዞ የሚያቆም ባለ ሰንሰለት መያዣ ይጨመራሉ። እነዚህን ለአንድ ጊዜ ሥራ ብሎ መግዛት አይመከርም፤ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ወስዶ ማስፈታት ይቀላል።

አሠራሩ

1. ሰንሰለቱ አርጅቶ እንደሆነ ይለኩ።

ከአንድ ፒን መሐል ጀምረው 24 ፒኖችን ወደ ፊት ይቁጠሩና እስከ 24ኛው ፒን መሐል ያለውን ርቀት ይለኩ። አዲስ ሰንሰለት ላይ ይህ ርቀት 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። እስከ 306 ድረስ ሰንሰለቱን ይጠቀሙበት፤ 307 ከደረሰ ይለውጡት፤ 308 ከሆነ ግን ሰንሰለቱ የኋላ ማርሾቹንም አብሮ በልቷቸዋል ማለት ነው። ይህን መጀመሪያ የምናደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ማርሽ ሲኖርዎት ድካሙ ይከፋፈላል፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን አንድ ማርሽ ብቻውን ይሸከመዋል። ያረጀ ሰንሰለት አዲስ ማርሽ ላይ፣ ወይም አዲስ ሰንሰለት ያረጀ ማርሽ ላይ ሲገባ ዳገት ላይ ቆመው ሲረግጡ ጥርስ እየዘለለ ያስቸግራል። በመወጠር የሚስተካከል ነገርም አይደለም።

2. የሚቀሩትን ሁለት ማርሾች ይምረጡ።

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ በየቀኑ የሚሰማዎት ይህ ምርጫ ነውና። የፊቱን ጥርስ ብዛት ለኋላው ያካፍሉ፤ ውጤቱ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይነግርዎታል። የተለመደው ባለ 26 ኢንች ጎማ፣ ውፍረቱ 1.95 የሆነው፣ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 2.05 ሜትር ያህል ይጓዛል። በርካሽ የተራራ ብስክሌቶች ላይ የመካከለኛው የፊት ማርሽ ብዙውን ጊዜ 34 ወይም 38 ጥርስ ሲኖረው፣ ባለ 7 የኋላ ድርድሮች ላይ ደግሞ 14፣ 16፣ 18፣ 20፣ 22፣ 24 እና 28 የሚሄደው ቅደም ተከተል የተለመደ ነው። እርስዎ ግን በእኔ ቁጥር አይመኩ፤ አንዱን ጥርስ በኖራ ምልክት አድርገው ይቁጠሩ።

38 በ18 ከመረጡ በአንድ የፔዳል ዙር 4.3 ሜትር ይሄዳሉ፤ 34 በ18 ከሆነ 3.9 ሜትር፤ 34 በ20 ከሆነ 3.5 ሜትር። ሁለተኛውን በደቂቃ 70 ጊዜ ቢያዞሩት በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ዱከም ሲወጡ መንገዱ በአመዛኙ ስለሚወርድልዎት ከባዱን ማርሽ ሊመርጡ ይከጅላሉ፤ ነገር ግን ማርሹን የሚመርጡት ለመመለሻው ነው። ጀሪካን ወይም ጤፍ ጭነው የሚነዱ፣ በለገጣፎ ወይም በቡራዩ በኩል ባሉት ዳገቶች የሚመላለሱ ደግሞ ከ34 በ20 አይበልጡ። ከባድ ማርሽ ጉልበትን ብቻ ሳይሆን ሰንሰለቱንና የኋላውን ሞዞም (የጎማውን እምብርት) ይጎዳል።

3. የማያስፈልገውን ያውልቁ።

የኋላውን ገመድ በቀያሪው ላይ ከያዘው ብሎን ይፍቱ፣ ከዚያ መሪው ላይ ያለውን መለወጫ ከነገመዱ ያውጡ። ገመዱን ከመጣልዎ በፊት የብረት ራሱ ካለበት በኩል 15 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው ያስቀምጡ። ከዝገት ጋር የተበጣጠሰ ከሆነ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ አዲስ ይግዙ። ገመዱን የሚቆርጡት በስለታም ፒንሳ በአንድ ጊዜ ይሁን፤ በደነዘ ፒንሳ የተቆረጠ ገመድ ጫፉ ይበተንና ብሎኑ ሥር አይገባም።

የፊቱን ማርሽ ቀያሪም ያውልቁ። ሰንሰለቱን የሚያቅፈው ቆርቆሮው ከኋላ በትንሽ ብሎን የተዘጋ ከሆነ ብሎኑን ፈተው ያላቅቁት፤ ካልሆነ ደረጃ 7 ላይ ሰንሰለቱ ሲበጠስ አብሮ ይወጣል። የፊት ማርሾችዎ እርስ በርሳቸው በብሎን የታሰሩ ከሆኑ ትርፎቹን ማውጣት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ብሎኖቹ ስለሚረዝሙ አጫጭር ብሎኖች ወይም ቀጫጭን ሮንዴላዎች ያስፈልጋሉ። በሪቬት የተጣበቁ ከሆኑ ደግሞ እንዳሉ ይተዋቸው። ምንም አይጎዱም፤ እንዲያውም ትልቁ ማርሽ ሰንሰለቱ ወደ ውጭ እንዳይወድቅና ሱሪዎን እንዳይበላ ይከላከላል።

4. ቀጥታውን መስመር ይፈልጉ።

ቀጥ ያለውን ዘንግ በመረጡት የፊት ማርሽ ጎን ላይ አስደግፈው ወደ ኋላ ይዘርጉት፤ ጫፉ የሚያርፍበት የኋላ ማርሽ ቀጥታ መስመር ላይ ያለው ነው። ባለ ሦስት የፊት ማርሽ ብስክሌት ላይ መካከለኛው የፊት ማርሽ ብዙውን ጊዜ ከኋላው ድርድር መሐል ጋር ይገጥማል። በደረጃ 2 የመረጡት የኋላ ማርሽ በትክክል እዚያው ካልዋለ የአንድ ማርሽ ልዩነት፣ በባለ 7 ድርድር ላይ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ማለት ነው፣ ችግር አይፈጥርም። ሁለት ከሆነ ግን ሌላ ይምረጡ። ሰንሰለት አግድም እየተጣመመ ሲሄድ ጥርሶቹን በጎናቸው ይበላል፣ ኮብልስቶን ላይ ሲንቀጠቀጥም ወደ ጎረቤት ማርሽ ለመውጣት ይሞክራል።

የኋላ ድርድርዎ ከጎማው ጋር በጥርስ የሚጠመዘዝ ፍሪዊል ከሆነ ምንም ሳይነኩ ከማርሾቹ አንዱን ብቻ ይጠቀሙ። ይህ ቀላሉና እኔም አብዝቼ የምሠራው ነው። ካሴት ከሆነም እንዳለ መተው ይቻላል። አንድ ማርሽ ብቻ ማስቀረት የሚፈልጉ ከአሮጌ ካሴት ላይ የተፈቱ የፕላስቲክ መለያ ቀለበቶችን በማርሹ ግራና ቀኝ ይደርድሩ፤ ቀለበቶቹና ማርሹ ሲደመሩ ከተቀመጡበት በርሜል ጫፍ በጥቂቱ አልፈው መውጣት አለባቸው፣ አለበለዚያ የመጨረሻው ማሰሪያ ሊያጠብቃቸው አይችልም።

5. ማንጠልጠያውን ይመርምሩ፣ ቀያሪውን ያጽዱ።

ከብስክሌቱ ኋላ ተንበርክከው ይመልከቱ። ሁለቱ መዘውሮች አንዱ ከሌላው በታች ቀጥ ብለው፣ ከኋላ ማርሾቹም ጋር ተጓዳኝ ሆነው መታየት አለባቸው። የታችኛው ወደ ሽቦዎቹ የሚያዘነብል ከሆነ ቀያሪውን የያዘው የፍሬሙ ማንጠልጠያ ተጣሟል፤ ብስክሌቱ በቀኝ ጎኑ ወድቆ ያውቃል ማለት ነው። ማንጠልጠያው ብረት ከሆነ ባለ 5 ወይም ባለ 6 ሚሊ ሜትሩን አለን ቁልፍ ቀያሪውን በያዘው ብሎን ውስጥ አስገብተው፣ በሌላ እጅ ቀያሪውን ደግፈው፣ በዝግታ ወደ ቦታው ይመልሱት። አሉሚኒየም ከሆነና ብዙ ከተጣመመ ግን ሲመለስ ይሰነጠቃል፤ በብሎን የሚገጠም ዓይነት ከሆነ ይለውጡት።

ሁለቱን መዘውሮች በባለ 3 ሚሊ ሜትሩ አለን ቁልፍ ፈተው፣ የትኛው የላይኛው እንደነበር ምልክት አድርገው፣ በላምባ ይጠቡ። በውስጣቸው ያለችውን ትንሽ የብረት ቱቦ ጠርገው በቀጭኑ ግሪስ ይቀቡ። ሲመልሷቸው ብሎኖቹ ጥርስ ላይ ጠብታ ማጣበቂያ ያድርጉ። የቀያሪውን ማጠፊያዎች ደግሞ ዘይት ያጠጡ።

6. ቀያሪውን በመረጡት ማርሽ ሥር ያስሩት።

የሥራው ልብ ይህ ነው። ገመድ የሌለው ማርሽ ቀያሪ ሞላው ወደ ውጭ ስለሚገፋው ሁልጊዜ ትንሿ ማርሽ ሥር ይቆማል። (አልፎ አልፎ ሞላው ወደ ውስጥ የሚስብ ቀያሪ ያጋጥማል፤ በእጅዎ ገፍተው ይፈትኑት፣ እንዲህ ያለውን ግን ለዚህ ሥራ አይምረጡ።) እኛ ከሞላው ተቃራኒ ስበን ከመረጥነው ማርሽ ሥር ልናቆመው ይገባል።

በቀያሪው ላይ ሁለት ተጎራባች ትናንሽ ብሎኖች አሉ፤ አንዱ ኤች፣ ሌላው ኤል የሚል የላቲን ፊደል ተጽፎበታል። ኤች የተባለውን በካቻቢቴ ወደ ቀኝ ባጠበቁት ቁጥር ቀያሪው ወደ ውስጥ ይገፋል። የመረጡት ማርሽ ከትንሿ ቀጥሎ ያለው ከሆነ ይህ ብሎን ብቻውን ሊያደርስዎት ይችላል። ከዚያ በላይ ላለው ግን ብሎኑ ያጥራል፤ ስለዚህ የገመዱን ቁራጭ እንጠቀማለን።

በቀያሪው ኋላ በጣት የሚዞረውን የገመድ ማስተካከያ እስከ መጨረሻው ያጥብቁት፣ ከዚያ ሦስት ሙሉ ዙር ያላሉት፤ በኋላ በሁለቱም አቅጣጫ ለማስተካከል ቦታ እንዲኖርዎት ነው። የገመዱን ቁራጭ ሽፋኑ ይገባበት በነበረው ቀዳዳ አስገብተው የብረት ራሱ ማስተካከያው ውስጥ ቁጭ እስኪል ይሳቡት። አሁን የቀያሪውን አካል በእጅዎ ወደ ውስጥ ይግፉት፤ ከኋላ ሆነው ሲያዩ የላይኛው መዘውር በመረጡት ማርሽ ሥር ልክ ሲውል እንዲሁ ይዘው፣ ገመዱን በፒንሳ ወጥረው ብሎኑን ያጥብቁ። ሁለት እጅ አይበቃም፤ አንድ ሰው ቢያግዝዎት ጥሩ ነው። ከዚያ በጣት የሚዞረውን ማስተካከያ ወደ ግራ ሲያዞሩ ቀያሪው ወደ ውስጥ፣ ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ወደ ውጭ በጥቂቱ ይሄዳል፤ የመዘውሩ ጥርስ ከማርሹ ጥርስ ጋር አንድ መስመር እስኪሠራ ያስተካክሉ።

በመጨረሻም ሁለቱን ብሎኖች ያጥብቁ፤ ኤች የተባለው የሚደርስ ከሆነ እስኪነካ፣ ኤል የተባለውም እንዲሁ እስኪነካ ብቻ፣ ሳይገፉት። ኤል ቀያሪው ወደ ሽቦዎቹ እንዳይሄድ የሚዘጋ በር ስለሆነ ይህን ብሎን አይርሱት። ሁሉም በቦታው ሲሆን የብሎኖቹን ራስ በጥፍር ቀለም ያሽጉ። ይህን የተማርኩት በራሴ ብስክሌት ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን በሠራሁ ጊዜ ኤች ብሎኑን ብቻ አጥብቄ፣ ሳላሽገው፣ በሰፈራችን ኮብልስቶን መንገድ አንድ ሳምንት ነዳሁት። ንዝረቱ ብሎኑን ቀስ በቀስ ፈታው፤ ዳገት ላይ ቆሜ እየረገጥኩ ሳለ ሰንሰለቱ ወደ ትንሿ ማርሽ ሸሸና ጉልበቴ ከመሪው ብረት ጋር ተጋጨ።

7. ሰንሰለቱን ያሳልፉ፣ ይለኩ፣ ያሳጥሩ።

የሰንሰለቱ መንገድ እንዲህ ነው፤ ከኋላው ማርሽ ጀርባ ይወርዳል፣ በላይኛው መዘውር ፊት ለፊት ያልፋል፣ በታችኛው መዘውር ጀርባ ይዞራል፣ ከዚያ ወደ ፊት ማርሽ ይሄዳል። በክንዱ ላይ በሁለቱ መዘውሮች መካከል ትንሽ የብረት ምላስ ካለች ሰንሰለቱ ከምላሷ በስተውስጥ ማለፍ አለበት። በውጭ በኩል ካለፈ ፔዳሉ ይዞራል፣ ብስክሌቱም ይሄዳል፤ ግን ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚሰማ ድምፅ አይለየውም። አንድ የሰፈራችን ተማሪ እቤቱ ሠርቶ፣ ድምፁን በዘይት ሊያጠፋው ሁለት ሳምንት ታግሎ ወደ እኔ አመጣው፤ ምላሷ እንደ ምላጭ ስላ ነበር።

ሁለቱን ጫፎች በእጅ አገናኝተው እየሳቡ ክንዱን ይመልከቱ። ሰንሰለቱ ሲላላ ክንዱ ወደ ኋላ ይተኛል፤ ሲያጥር ወደ ታች ይቆማል፣ ከዚያም ወደ ፊት ያዘነብላል። የሚፈለገው ክንዱ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ከቆመ በኋላ ወደ ፊት ትንሽ ማዘንበል ሲጀምር ነው። እዚያ ላይ ሞላው በቂ ኃይል አለው፣ ጎማ ሲፈነዳብዎትም አክስሉን አውጥቶ ለመመለስ የሚተርፍ ሰንሰለት አለ። የሚቆርጡትን ቀለበት በኖራ ምልክት ያድርጉ፤ አንዱ ጫፍ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ሆኖ መቅረት አለበት፣ አለበለዚያ አይገጣጠሙም። ፒኑን ሲያወጡ ሙሉ በሙሉ አያውጡት፤ በሩቁ ጠፍጣፋ ላይ ተንጠልጥሎ ይቅር። ሙሉ ከወጣ ለመመለስ ብዙ ያደክማል።

ጫፎቹን አገናኝተው ፒኑን በማውጫው መልሰው ካስገቡ በኋላ የተገጠመበት ቀለበት ይገትራል። በሁለት እጅ ይዘው ወደ ግራና ቀኝ ቀስ ብለው ያጥፉት፤ እንደ ሌሎቹ እስኪታጠፍ ድረስ።

8. የላይኛውን መዘውር ወደ ማርሹ ያቅርቡ።

ቀያሪው ከማንጠልጠያው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ኋላ ላይ ሌላ አንድ ብሎን አለ፤ ሲያጠብቁት መዘውሩ ከማርሹ ይርቃል፣ ሲያላሉት ይቀርባል። በመዘውሩና በማርሹ ጥርሶች መካከል 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይተዉ። በቀረበ ቁጥር ሰንሰለቱ ብዙ ጥርሶችን ስለሚያቅፍ አይዘልም፤ ከነካ ግን ይጮኻል።

9. ይፈትኑት።

ብስክሌቱን ገልብጠው ፔዳሉን በእጅ 40 ጊዜ ያህል ያዙሩ። ከኋላ ሆነው ሰንሰለቱ ወደ ጎን ይወዛወዝ እንደሆነ ይመልከቱ፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ወደ ደረጃ 6 ተመልሰው በጣት የሚዞረውን ማስተካከያ በሩብ ዙር ብቻ ይንኩት። በእያንዳንዱ የሰንሰለት ዙር አንድ ጊዜ ቅጭ የሚል ድምፅ ካለ ያልለሰለሰ ቀለበት ቀርቷል። ከዚያ መኪና በሌለበት ሜዳ ላይ ተቀምጠው በዝግታ ይንዱ፤ ካልዘለለ በኋላ ብቻ ዳገት ላይ ቆመው ይርገጡ። የመጀመሪያውን ፈተና ዋና መንገድ ላይ አያድርጉ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

ሰው በተጣደፈ ቁጥር ሰንሰለቱን አሳጥሮ ይቆርጠዋል። ክንዱ ወደ ፊት ተስቦ ከሰንሰለቱ ጋር አንድ መስመር ሊሆን የደረሰ እንደሆነ ሞላው ምንም ትርፍ የለውም፤ ማንጠልጠያው ሊሰበር ይችላል። የተቆረጠ ሰንሰለት ስለማይረዝም ሁልጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ለክተው ይቁረጡ።

ሌላው ሰንሰለትና ማርሽ ያለማመሳሰል ነው። ባለ አንድ ማርሽ ተብሎ የሚሸጠው ወፍራም ሰንሰለት በቀያሪው ክንድ ውስጥ እየታከከ ያልፋል፤ በተቃራኒው የጥቁሩ የድሮ ብስክሌት ወፍራም ማርሽ ባለ ማርሽ ብስክሌት ቀጭን ሰንሰለት ውስጥ አይገባም። ለዚህ ሥራ የባለ 6 ወይም የባለ 7 ማርሽ ሰንሰለት ይግዙ።

ገመዱን የሚይዘው ብሎን ሥር ያለችው ሮንዴላ ገመዱ የሚያርፍበት ትንሽ ቦይ አላት። ገመዱ በቦዩ ውስጥ ካልተኛ ሲያጠብቁት የያዘ ይመስላል፣ ከሁለት ቀን በኋላ ግን ይንሸራተታል። ጥሩነቱ፣ ገመዱ ቢያመልጥ ሞላው ቀያሪውን ወደ ውጭ እንጂ ወደ ሽቦዎቹ አይወስደውም፤ ቢሆንም ሰንሰለቱ በድንገት ስለሚሸሽ ሊጥልዎት ይችላል።

በክረምት

ከሰኔ እስከ መስከረም በአቃቂና በኮዬ በኩል ያለው ዋልካ መሬት ጭቃው እንደ ሙጫ ነው። መዘውሮቹን ከሞላ መዞር ያቆማሉ፤ ሰንሰለቱ ግን መሳቡን ስለማይተው ክንዱን ወደ ላይ ጠምዝዞ ይዞት ይሄዳል። ጭቃ ውስጥ ከገቡ ፔዳሉ ሲከብድዎት አይታገሉት፤ ወርደው በእንጨት ይጥረጉት። ቤት ሲደርሱ በውኃ አጥበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ በእያንዳንዱ የሰንሰለት ቀለበት ላይ አንድ ጠብታ ዘይት አድርገው ትርፉን ይጥረጉ፤ የተረፈ ዘይት አቧራ ይስባል። መዘውሮቹን ደግሞ በወር አንድ ጊዜ እንደ ደረጃ 5 ፈተው ይጠቡ።

አዲስ የታሰረ ገመድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጥቂቱ ይረጋል። ስለዚህ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ እንደገና ከኋላ ተንበርክከው የላይኛው መዘውር ከማርሹ ሥር መኖሩን ይመልከቱ፣ የገመዱን ብሎን፣ ቀያሪውን ከማንጠልጠያው ጋር የያዘውን ብሎንና የሁለቱን መዘውሮች ብሎኖች በቁልፍ ይፈትሹ፤ የተሰነጠቀ የጥፍር ቀለም ካዩ ያ ብሎን ተንቀሳቅሷል፣ አጥብቀው እንደገና ያሽጉት።